የታጠበው ቃጫ

በሸንበቆ ሰፈር ቀኑ የሚጀምረው ቀለም በማየት ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከየቤቱ አንድ ሰው ወደ ሉጎ ወንዝ ይወርዳል። ከቤቱ ችካል ላይ የታሰረውን እስር ቃጫ ከውኃው ስቦ ያወጣና ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። አረንጓዴ ከሆነ ኒኬል ነው። ሮዝ ከሆነ ኮባልት ነው። ሰማያዊ ከሆነ መዳብ ነው፤ መዳብ የሚበዛው ማክሰኞና ረቡዕ ነው፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን ማንም አላወቀም። ሰውየው ያየውን ወንዙ ዳር ባለው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ቃጫውን መልሶ ይለቅና ወደ ሥራው ይሄዳል። መንገድ ላይ ሰው ሲገናኝ "ያዘልህ?" ይባባላል። መልሱ "ይመስገን፣ ያዘ" ነው። ባይዝም እንደዚያው ነው የሚባለው።

ብረቱ የሚመጣው ከላይ፣ ከባትሪ ኮረብታው ነው። አያቶቻችን ቤንዚን ትተው የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ሲጀምሩ፣ ባትሪው ሲያረጅ የት እንደሚሄድ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። የሄደው ወደዚያ ነው። ኮረብታው ዛሬ ሣር ለብሷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ የተንጠባጠበው ሁሉ ወደ ሉጎ ይገባል።

ቃጫው የእንሰት ነው። እንዳለ ውኃ ውስጥ ቢነከር ብዙም አይዝም። እኛ መጋዘን ውስጥ በሎሚ አሲድ ዘፍዝፈን፣ አድርቀን፣ በምድጃ ሙቀት እናበስለዋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ብረት ስድስት እጥፍ ይሆናል። ወንዝ ጠባቂያችን ጋሽ ሚልኪያስ ተማሪዎች ለጉብኝት ሲመጡ እንዲህ ብለው ያስረዷቸዋል፦ "ቃጫው ላይ እጅ እንተክልለታለን። ብረት ሲያልፍ ቀብ ያደርገዋል። ሎሚ ስታቀምሱት ደግሞ እጁን ይዘረጋና ይለቃል። እናንተ ጎምዛዛ ስትቀምሱ እጃችሁን አታራግፉም? በቃ፣ እንደዚያ ነው።" እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ። ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አልነገሩኝም።

ሥራውን የጀመርነው እኔና ባለቤቴ ዳግም ነን፤ አሥራ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኗል። እያንዳንዱ ቤት ቃጫውን ከችካሉ ጋር የሚያስርበት የራሱ ቋጠሮ አለው፤ የእኛን ቤት ቃጫ ያሰረው እሱ ነው። ሌላው ቤት በየወሩ ቃጫውን ፈትቶ ወደ መጋዘን ያመጣል፤ እኔና ጋሽ ሚልኪያስ በሎሚ አጥበን ብረቱን እናስለቅቀዋለን። ወደ ራሴ ችካል ግን ገንዳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ቃጫውን እዚያው እንደታሰረ አጥበዋለሁ። ምክንያቱን የጠየቀኝ የለም።

በዚህ ዓመት የወንዞች መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈልን። መሥሪያ ቤቱ ወንዞችን ቱቦ ውስጥ እያስገባ ነው። ቱቦ የገባ ወንዝ አይሸትም፣ አያጥለቀልቅም፣ አይታይም። በላዩ ላይ አስፋልት ይነጠፋል፤ አንዳንዱ ቦታ የወንዙ ስም ለመንገዱ ይሰጠዋል። ደብዳቤው አጭር ነበር። መቶ እስር ቃጫ ሰባት ቀን ውኃ ውስጥ ቆይቶ ለመለኪያ ባለሙያ ይቀርባል። በሰባቱ ቀን ካለፈው ብረት ከመቶ ሰማንያውን ይዞ ከተገኘ ወንዙ ክፍት ይቆያል። ካልያዘ በጥቅምት ቁፋሮ ይጀመራል። መለኪያው አይደገምም።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አምስት ገጽ ነው። ልጆች የሚዋኙበትን ቦታ፣ የጎመንና የቆስጣ መደቦችን፣ የዕድሩን ልብስ ማጠቢያ ድንጋዮች አንድ በአንድ ዘርዝሬአለሁ። ወንዙ ቱቦ ቢገባ እኔ በግሌ የማጣው ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ቅጹም ለእሱ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

በሰባተኛው ቀን ማመልከቻውን ማኅተም ለማስመታት ወደ ከተማ ሄድኩ። ሁሉም ነገር በአየር ላይ በሚላክበት ዘመን ማኅተም አሁንም በእጅ ነው የሚመታው፤ የሚመታውም ሰው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ እዚያው አደርኩ። በማግሥቱ ጠዋት በአውቶቡስ ተመለስኩ። አውቶቡሱ ሾፌር ከሌለው ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ረዳት ግን አለው። ረዳቱን ሊያስቀሩት ሞክረው ነበር፤ ተሳፋሪው ግን ካልተጠራሁ አልሳፈርም አለ።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ የሎሚ ሽታ ተቀበለኝ።

በመጋዘኑ አጥር ላይ ከዳር እስከ ዳር ቃጫ ተሰጥቷል። ነጭ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። የዕድራችን ሊቀመንበር እማማ ብሌን፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሄዱ በጣታቸው ያበጥሩታል። አሥር የሚሆኑ ሴቶች እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ደክሟቸዋል፣ ደስ ብሏቸዋል።

"መጣሽ?" አሉኝ እማማ ብሌን። "በይ እይው። አንድ ጉድፍ ካገኘሽበት ስሜን ቀይሪው!"

"እማማ፣ ምንድን ነው ያደረጋችሁት?"

"አጠብነዋ! የመንግሥት እንግዳ ይመጣል ተብሎ ያንን የተዥጎረጎረ ነገር በእጄ ላስረክብ ነው? ሰፈሩ ሴት የለውም ወይ ይበለን?"

"በምን አጠባችሁት?"

"በምን ይታጠባል? አንቺ በምታጥቢበት ነዋ። ደግሞ አንቺ ሁለት ጊዜ ነው የምታጥቢው፤ እኛ አራት ጊዜ ነው ያሸነው።"

አንዱን እስር አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ የጠራ ቃጫ አጥቤ አላውቅም። ይህንን ነገርኳቸው፤ እውነት ስለሆነ። ቀጥዬ የቀረውንም ነገርኳቸው።

"ሰውየው የሚመጣው ቆሻሻውን ሊለካ ነው፣ እማማ። እንዲረከበን የምንፈልገው ቆሻሻውን ነበር።"

"ቆሻሻውን?"

"አዎ።"

"መንግሥት?"

"አዎ።"

እማማ ብሌን ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሳቋ አመለጣትና በመዳፏ አፈነችው።

ጋሽ ሚልኪያስ ከመጋዘኑ በር አጠገብ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

"እኔ ብያቸው ነበር፣ መምህርት" አሉኝ።

"ምን አልክ አንተ?" ብለው ተነሡባቸው እማማ ብሌን። "ሎሚውን የጨመቀው ማን ሆነና!"

"መምህርት ትምጣ ብዬ ነበር።"

"ከዚያስ?" አልኳቸው።

"ከዚያ እሳቸው አዩኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሎሚ ጨመቅኩ።"

የመለኪያ ባለሙያው በሦስት ሰዓት ደረሰ። ያብፀጋ የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት ሰው ነው። ጫማው ላይ የብዙ አገር አቧራ አለ። እማማ ብሌን እንዳልሆነ ሆነው ተቀበሉት፤ ወንበር፣ ውኃ፣ ሙዝ ቀረበለት። ከአጥሩ ጀርባ በሁለት ቀን የተሠራችውን ትንሽ ቤትም በእጃቸው አመለከቱት።

"ሽንት ቤትም ሠርተንልሃል፣ ልጄ። ትናንት ማታ ነው ልስኑ ያለቀው። ሌላ ቦታ ሄደህ እንዳትቸገር።"

"አያስፈልግም ነበር፣ እማማ" አለ ያብፀጋ።

"እንዴት አያስፈልግም? ሰው አይደለህም?"

ሣጥኑን ከፈተ፤ ጡብ የምታክል መለኪያ አወጣና አንዱን እስር ውስጧ አስገባ። ጠበቀ። ሌላ አስገባ። አሥሩን ከለካ በኋላ መለኪያዋን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ እንደገና ሞከረ።

"ዜሮ ነው" አለኝ በቀስታ። "ምንም የለበትም።"

"አላልኳችሁም?" አሉ እማማ ብሌን፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

የሆነውን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ ግን ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

"እመቤት፣ አምንዎታለሁ ማለት እፈልግ ነበር። ግን ሁሉም ሰፈር ምክንያት አለው። አንዱ ቦታ ቃጫውን ፍየል በላው ብለውኛል። ፍየሏንም አሳይተውኛል።"

"እስካሁን ስንት ወንዝ ለካህ፣ ልጄ?" አሉት ጋሽ ሚልኪያስ።

"አሥራ አንድ።"

"ስንቱ ተረፈ?"

ያብፀጋ ከቀረበለት ውኃ ተጎነጨ። ከዚያ ቃጫዎቹን በዓይኑ መቁጠር ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው።

"ዘጠና ዘጠኝ ናቸው" አለ። "መቶኛው የት አለ?"

እማማ ብሌን የነጠላቸውን ጥለት ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

"ችካሉ ላይ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"እሱስ ለምን አልታጠበም?"

"ያንን ቋጠሮ የምፈታው እኔ ማን ነኝ?"

ያብፀጋ ወደ እኔ ዞረ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሽ ሚልኪያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ዘንድሮ ሎሚው ጥሩ ጭማቂ ነበረው" አሉ። "አምና እንኳን ደረቅ ነበር።" ዘንድሮና አምና ስለነበረው ሎሚ ባለሙያውን ይዘው ቆዩልኝ፤ እኔ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ፈታሁት። እንዳሰብኩት የጠበቀ አልነበረም፤ ርጥብ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ቃጫው በእጄ ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ ሮዝ ነው፣ ወደ ታች አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ የማክሰኞ ሰማያዊ አለበት። ያብፀጋ ተቀብሎኝ ወደ መለኪያዋ አስገባው። ከደረሰው ብረት ከመቶ ሰማንያ አራቱን ይዟል።

"ቃጫው ስንት ጊዜ ሠርቷል?"

"ስድስት ዓመት።"

"ያው ራሱ?"

"ያው ራሱ።"

ቃጫውን አገላብጦ አየው። "ይህ ሌላውም ሊይዝ ይችል እንደነበር ያሳያል" አለ። "ግን አንድ ነው። ሕጉ የመቶውን ድምር ነው የሚጠይቀኝ።"

ያኔ ነው አእምሮዬ መሥራት የጀመረው። እስከዚያ ድረስ በሐዘን፣ ማለት በድንጋጤ ነበርኩ።

"እማማ፣ እጣቢውን የት ደፋችሁት?"

እማማ ብሌን ቀና ብለው አዩኝ፤ በዚያ ጠዋት በእውነት የተቆጡት ያን ጊዜ ነው። "ወንዝ ውስጥ የምደፋ መሰለሽ? አሥራ ሰባት ዓመት ስትለፈልፊ የሰማሁሽ አልመሰለሽም? ጠብታ አልፈሰሰም! በርሜል ውስጥ ነው ያለው!"

በርሜሎቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ተደርድረዋል። ክዳናቸውን ስናነሣ ውኃው ያረጀ የወይን ጠጅ መስሏል፤ ሎሚው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ያብፀጋ ወደ አንዱ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

"ይህ ሁሉ ከቃጫው የወጣ ነው?"

"በእኔ ክንድ ነው የወጣው" አሉ እማማ ብሌን።

አንድ በአንድ ለካ። እጣቢው ያልፈሰሰ መሆኑን ለማረጋገጥ የወንዙን ውኃም ለካ፤ የሎሚ ምልክት የለበትም። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲጠራልኝ እኔ በእርሳስ እደምራለሁ። ሴቶቹ ከኋላዬ ተሰብስበው እንደ ኳስ ጨዋታ ይከታተላሉ፤ "ስንት ደረሰ? ስንት ደረሰ?" ይላሉ። አንደኛው በርሜል፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ስድስተኛው ላይ በርሜሉ አለቀ። ከችካሉ ከመጣው ቃጫ ጋር ሰባ አንድ ሆነ።

ሰባ አንድ።

"ዘጠኝ ይጎድላል" አለ ያብፀጋ። ከእኛ ይልቅ እሱ ያዘነ ይመስላል።

"በስንት በርሜል ነው ያጠባችሁት?" ብዬ ጠየቅኩ።

"በሰባት" አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

ሁላችንም ወደ ጋሽ ሚልኪያስ ዞርን። ባርኔጣቸው እንደገና መሽከርከር ጀምሯል።

"ውኃ ተቋርጦ ነበር" አሉ። "ቧንቧው ትናንት ከሰዓት ቀጥ አለ። ልስኑ ደግሞ ማለቅ ነበረበት። ከወንዝ እንዳልቀዳ አንዱ ቃጫ ገና ውኃ ውስጥ መለኪያ ላይ ነው። አንዱ በርሜል እዚያ ቆሟል..."

"ጋሽ ሚልኪያስ!"

"ወንዝ ውስጥ አልገባም እኮ፣ መምህርት። ጭቃ ውስጥ ነው የገባው።"

ወደ ትንሿ ቤት ሄድን። እስከዚያች ሰዓት ልብ ብሎ ያየው አልነበረም፤ ግድግዳው ሮዝ ነው። ቀለል ያለ፣ የሚያምር ሮዝ፣ በማዕዘኑ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። እማማ ብሌን አጨበጨቡ። "እኔ እኮ ቀለም ገዝቶ ቀባልን ብዬ መርቄው ነበር!"

ያብፀጋ ግድግዳው ፊት ቆሞ ቅጹን አወጣ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበው። አንድ መስመር ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፦ "'በሰፈሩ ተይዞ የቀረ ብረት ጠቅላላ መጠን።'" ቀና አለ። "የት ላይ ተይዞ እንደሆነ አይልም።"

"ሲል አልሰማሁም" አሉ ጋሽ ሚልኪያስ።

"በሌላ ቦታ ይህንን መስመር ልብ ብዬ አላነበብኩትም ነበር" አለ ለራሱ። ከዚያ ከሣጥኑ መፋቂያ አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉ እማማ ብሌን።

"ከዘጠኝ ቦታ እፍቃለሁ፣ እማማ። ከተለካ በኋላም ግድግዳው ፈርሶ ወደ ብረት ማቅለጫ መሄድ አለበት። እንዲህ ያለ ልስን ሰው አጠገብ አይቆይም።"

"ይፈርሳል? ገና ማንም አልገባበትም እኮ!"

"እማማ..."

"ቢያንስ አንተ ግባበትና ይፍረስ! ለአንተ የተሠራ ነው!"

ሴቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ያብፀጋ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ፣ ለእማማ ብሌን ክብር ሲል ይመስለኛል፣ ሣጥኑን ለእኔ አስያዘኝና ገባ። ሲወጣ ሁሉም ሰው እልል አለ። እሱም ያለ መሳቅ አልቻለም። መፋቂያውን ይዞ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የልስኑን ክብደት ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ጋሽ ሚልኪያስ በጣታቸው ቆጥረው "አሥራ ሁለት ባሬላ ጭቃ" አሉ፤ አንድ ባሬላ ሞልተን መዘንን። ያብፀጋ ከላይ ሦስት፣ ከመካከል ሦስት፣ ከታች ሦስት ቦታ ፋቀ፤ በየቦታው ጭቃ ተለጠፈበት፣ ክርኑ ላይ፣ ግንባሩ ላይ። ቁጥሮቹን ሰጠኝ። እርሳሴን ያዝኩ። ሴቶቹ በዚህ ጊዜ ስንት ደረሰ አላሉም። ከታች የወንዙ ድምፅ ተሰማ። አባዛሁ፣ ደመርኩ፤ አላመንኩትምና ከታች ወደ ላይ ደግሜ ደመርኩ።

"አሥራ ሁለት" አልኩ። "ግድግዳው አሥራ ሁለት ይዟል። ሰማንያ ሦስት ነው።"

ያብፀጋ ወረቀቱን ወስዶ ራሱ ደመረ። ከዚያ ቅጹ ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሞላ፤ ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። ብረቱ የተያዘበት ሁኔታ በሚለው አንጻር "በቃጫ፣ በበርሜል እና በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ" ይላል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል፦ "ቃጫው የያዘውን በሎሚ ብቻ ሙሉ በሙሉ እንደሚለቅ በተግባር ታይቷል፤ ይህንን በሌሎች ወንዞች አልለካንም ነበር።" የመጨረሻው መስመር ላይ "ወንዙ ክፍት ይቆይ" ብሎ ፈረመ። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ትንፋሹን ተነፈሰበትና መታው።

የሆነውን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። እማማ ብሌን አቅፈውኝ ምን እንዳሉኝም አልጽፍም፤ በጆሮዬ ነው የነገሩኝ።

ያብፀጋ ሣጥኑን ዘጋ። እጆቹን ዘርግቶ ተመለከታቸው፤ እስከ ክርኑ ጭቃ ናቸው።

"የት ልታጠብ?"

ቧንቧው እስካሁን አልመጣም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቆመ። የግድግዳውን ጭቃ መጀመሪያ በጨርቅ እንዲጠርግ አድርጌ፣ ጨርቁን በርሜል ውስጥ ጥዬ፣ ከመጨረሻው ችካል በታች ወዳለው ድንጋይ ወሰድኩት። ዳር ላይ ደርሶ ቆመ።

"ይቻላል?"

"እዚህ ጋ ይችላሉ።"

"አሥራ አንድ ወንዝ ለክቻለሁ" አለ። "ሁሉንም በመሣሪያ ነው።"

ተቀመጠና እጆቹን ከተተ።

"ሳሙና እንዳትነካበት!" ብለው ጮኹ እማማ ብሌን ከላይ።

"አልነካም፣ እማማ!" ወደ እኔ ቀና አለ። "ይቀዘቅዛል።"

"ወንዝ ነው" አልኩት።

እጆቹ ከነጹ ቆይተዋል፤ እሱ ግን አላወጣቸውም። አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።